የወረዳውን በጀት ማየት የፈለገ ነዋሪ ማን ጋ ነው የሚሄደው?

ሰፈርተኛ
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፣ መነሻው ግን ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

የምኖረው በአንዲት መካከለኛ ከተማ ነው፣ ስሟ ይቅር። ሰፈራችን ውስጥ ክረምት በመጣ ቁጥር ባጃጅ እንኳ አልገባም የሚልበት መንገድ አለ። አምና ኮብልስቶን ሊነጠፍ ነው ተባለና በየቤቱ መዋጮ ተሰበሰበ። ነዋሪው የተወሰነውን ያዋጣል፣ ቀሪውን ወረዳው ይሸፍናል ነው የተባለው። ደረሰኝ የተሰጠው አለ፣ ስሙ ደብተር ላይ ብቻ የሰፈረ አለ። ዘንድሮ ጥቂት ድንጋይ መጥቶ ጥግ ላይ ተራገፈ፣ ልጆች ይጫወቱበታል። በጠቅላላ ስንት ተሰበሰበ? ወረዳው ድርሻውን መድቧል? ሥራው ለማን ተሰጠ? የሚያውቅ የለም። የሚያውቅም ካለ አይናገርም።

በቅርቡ ደግሞ "የሕዝብ ውይይት መድረክ" ተጠራን። ሄድኩ። ባነር አለ፣ የታሸገ ውሃ አለ፣ ካሜራ አለ። የግማሹን ቀን የአፈጻጸም ሪፖርት በመቶኛ እየተነበበልን ተቀመጥን፤ ይሄ ዘጠና ምናምን፣ ያኛው ከዕቅድ በላይ። ከዚያ ሰዓት ስለሄደብን ለተወሰኑ ሰዎች ብቻ ዕድል እንስጥ ተባለ። ዕድሉን ያገኙት የሚያመሰግኑት ናቸው። የእኔ እጅ እንደተነሳ ቀረ። ማታ የወረዳው ፌስቡክ ላይ "ነዋሪዎች በዕቅዱ ላይ ተወያይተው የጋራ መግባባት ላይ ደረሱ" የሚል ወጣ። ፎቶው ላይ አለሁ፣ እጄን አንስቼ። የመግባባቱ ማስረጃ እኔው ሆኜ አረፍኩት!

እና ተራ ነዋሪ የወረዳውን በጀት የማየት መብት አለው ወይ? ካለውስ የትኛው ቢሮ ነው? ሰው ሳይቀየምስ እንዴት ይጠየቃል? ነገ መታወቂያ ላሳድስ ብል የምሄደው እዚያው ነው፣ ስለዚህ ጀግና ሁን የሚል ምክር ብዙም አይጠቅመኝም። "ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ" የምትሉም ካላችሁ እሱን ከአያቴ ሰምቼዋለሁ።

የድሮ ሒሳብ ሠራተኛ
ወረዳ ፋይናንስ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አሁን ወጥቻለሁ። ስለዚህ ከዚያኛው ወንበር ሆኜ ልንገርህ።

መብት አለህ ወይ ላልከው፣ አለህ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፣ አንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የማግኘት መብትን ይሰጣል። ዝርዝሩ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590 ውስጥ ነው። "እሱማ ተሽሯል" የሚል ኃላፊ ሊያጋጥምህ ይችላል፤ እኔን አጋጥሞኛል። በ2013 የወጣው አዋጅ 1238 የተካው የሚዲያውን ክፍል ነው፣ መረጃ የማግኘት መብቱ ክፍል አሁንም ይሠራል። ጥያቄህን የሚቀበለው የመሥሪያ ቤቱ ሕዝብ ግንኙነት ነው፣ ዛሬ ብዙ ቦታ ኮሙኒኬሽን ይሉታል። መልስ መስጫው ጊዜ 30 ቀን ነው፣ በቂ ምክንያት ካላቸው ሊያራዝሙት ይችላሉ። ከከለከሉህ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለእንባ ጠባቂ ተቋም ይግባኝ ትላለህ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት አለ። መጻፍ የማይችል ሰው በቃል መጠየቅ ይችላል፣ ጽፎ የመመዝገቡ ሥራ የእነሱ ነው።

ይሄ ወረቀቱ ነው። አሁን ወደ እውነቱ ልምጣ።

"የወረዳውን በጀት አሳዩኝ" ብለህ ከሄድክ ምንም አታገኝም። ተንኮል ሆኖ አይደለም። የሚሰጡህ በሴክተር የተደመረ ቁጥር ነው፣ ትምህርት ይሄን ያህል፣ ጤና ይሄን ያህል ይላል። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው መደበኛ በጀት ነው፣ መደበኛው ደግሞ አብዛኛው ደመወዝ ነው። መንገድህ እዚያ ውስጥ የለም። አንተ የምትፈልገው የካፒታል በጀቱን፣ ማለትም የግንባታ ሥራ የሚያዝበትን፣ ዝርዝር በፕሮጀክት ስም ነው። የነዋሪው መዋጮ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሌላ ሒሳብ ይያዛል፣ "የማህበረሰብ ተሳትፎ" በሚል። ሁለቱን ለይተህ ካልጠየቅህ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እያመላለሰህ ጫማህን ይጨርሳል።

ሌላው፣ ዕቃ ከገባ ወረቀት አለ። ድንጋይም ሆነ ሲሚንቶ መጋዘን ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፣ ሲወጣ ሞዴል 22። "ገብቷል" ከተባልክ ሞዴል 19 ቁጥሩ ስንት ነው በል። ይቺን ቃል ከነዋሪ አፍ ሲሰሙ ሰዎቹ ወንበራቸውን ያስተካክላሉ፣ በራሴ አይቼዋለሁ።

አንድ ነገር ግን በደንብ እንድትረዳልኝ እፈልጋለሁ። ጠረጴዛ ላይ የምታገኘው ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ የሚደብቀው ነገር ኖሮት አይደለም፣ ፈርቶ ነው። መረጃ ሰጥቶ "ማን አዘዘህ?" የተባለ ሰው አይተናል፤ ከልክሎ የተቀጣ ግን እኔ አላየሁም። ታዲያ እሱ ምን ያድርግ? ስለዚህ በቃል አትጠይቀው። ደብዳቤ ጻፍ፣ መዝገብ ቤት አስገባና ገቢ ቁጥር ተቀበል፣ ኃላፊው ይምራልህ። ምሪቱ ያለበት ወረቀት እጁ ላይ ካለ ያ ባለሙያ ሌላ ሰው ይሆናል።

ጨው በርበሬ
30 ቀን አሉ! የእኛ ወረዳ ኃላፊ ስብሰባ ላይ፣ ከስብሰባ መልስ ሥልጠና ላይ፣ ከሥልጠና መልስ ፊልድ፣ ከፊልድ መልስ ደግሞ "ተዛውረዋል፣ አዲሱ ገና ሥራውን እየተረከቡ ነው"። ሕጉ አሪፍ ነው፤ ችግሩ ሕጉን የሚያስፈጽመው ሰውዬ ቢሮ ውስጥ አለመገኘቱ ነው።

አመቻቿ
በርበሬ ብለህ ብለህ አሳቅኸኝ፣ ግን ውሸት አይደለም።

እኔ በማህበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም ውስጥ ሠርቻለሁ። ለማታውቁት፣ ነዋሪው የሚያገኘውን አገልግሎት የሚመዝንበትና ሰጪውን የሚጠይቅበት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ሥር የመጣ ነው፣ ገንዘቡ ከዓለም ባንክና ከሌሎች ለጋሾች። በዚያው ፕሮግራም ወረዳዎች በጀታቸውን ቀለል ባለ ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ እንዲለጥፉ ይደረግ ነበር። ዛሬም አንዳንድ ወረዳ ብትሄዱ ያ ሰሌዳ አለ፣ ፀሐይ የበላው የድሮ ዓመት ቁጥር ተለጥፎበት።

ሰፈርተኛ፣ የጻፍከው መድረክ ችግሩ አንተ ዕድል አለማግኘትህ ብቻ አይመስለኝም። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስቦ "አስተያየት ካላችሁ" ማለት ራሱ የሚያናግር ዘዴ አይደለም። እኛ ስንሠራ ሴቶቹን ለብቻ፣ ወጣቶቹን ለብቻ፣ አካል ጉዳተኞችን ለብቻ እናወያይ ነበር። እያንዳንዱ ቡድን ለአገልግሎቱ ነጥብ ይሰጣል፣ ለምን ያን ነጥብ እንደሰጠም ይጽፋል። በሌላ በኩል የጤና ጣቢያው ወይም የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች ራሳቸውን በዚያው መለኪያ ነጥብ ይሰጣሉ። ከዚያ ነው ሁለቱ ፊት ለፊት የሚገናኙት። መጨረሻ ላይ ማን ምን እስከ መቼ ይሠራል የሚል የጋራ ዕቅድ ይፈረማል። ፊርማው ላይ ደርሶ ያልተሠራ ብዙ አለ፣ አልዋሽም። ግን ቢያንስ የሚጠየቅበት ወረቀት ይኖራል።

አንድ ጤና ጣቢያ ትዝ ይለኛል። እናቶቹ ለማዋለጃ ክፍሉ በጣም ዝቅተኛ ነጥብ ሰጡ። ወንዶቹ ከእነሱ ጋር በተቀመጡበት ስብሰባ ላይ ግን "ሁሉም ደህና ነው" ብለው ነበር፣ እነዚያው ሴቶች! ለብቻቸው ሲሆኑ ነገሩ ወጣ። አዋላጇ ታመናጭቀናለች ነው። አዋላጇን ስናናግራት ደግሞ ለብቻዋ ሌሊትና ቀን ትሠራለች፣ ውሃ የለም፣ የምትታጠበው ራሷ በምታስቀዳው ጀሪካን ነው። የውሃ ጽህፈት ቤቱ ሰውዬ እዚያው ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ሁለቱንም ሰማ። መስመሩ ተቀጠለ። የተለየ በጀት አልመጣም፣ ያለው ነበር፣ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ጉድለቱንም ልናገር። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ኮሚቴው አብሮ ያልቃል። አበል የለመደ ስብሰባ ያለ አበል አይቆምም። ለጋሽ ከውጭ ገንዘብ አምጥቶ ነዋሪን "ወረዳህን ጠይቅ" ማለቱ ራሱ ለእኔ ሁሌም ትንሽ ይከብደኝ ነበር። ቢሆንም ዘዴው ገንዘብ አይፈልግም። ወረቀት፣ እስክሪብቶና አንድ የማያዳላ ሰው ይበቃል።

ደግሞ ብቻህን አትሂድ። ለመታወቂያህ መፍትሔው እሱ ነው። አንድ ሰው ከጠየቀ "እሱ ሰውዬ" ይባላል፣ ሃያ ሰው ከፈረመበት "ነዋሪዎቹ" ይባላል።

ሰፈርተኛ
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ የሞዴል 19ኟን ይዣታለሁ። ሃያ ሰው የሚለው ግን እንዴት ይገኛል? ጎረቤቶቼን ሳናግር መጀመሪያ ይናደዳሉ፣ ፈርሙ ስላቸው "ምን አገባን" ይላሉ። እነሱ ናቸው እኮ ያዋጡት! ሌላው ያፈርኩበት ነገር፣ የሰፈራችን የወረዳ ምክር ቤት ተመራጭ ማን እንደሆነ አላውቅም። ጠይቄ ሰባት ሰው ውስጥ አንድ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ዩ ስትሪት
ከዋሽንግተን ዲሲ ነው የምጽፈው። "አሜሪካ እንዲህ ናት" ለማለት አይደለም፣ እዚህም ሰው ስብሰባ ሲጠራ ይሸሻል። ግን አንድ የሠፈር አሠራር አለ፣ ሊጠቅም ይችላል።

ኤኤንሲ ይባላል፣ የሠፈር አማካሪ ኮሚሽን በሉት። ከ1970ዎቹ (በፈረንጅ) ጀምሮ ያለ ነው። አንድ ኮሚሽነር የሚወክለው ሁለት ሺህ ያህል ነዋሪ ነው፣ ለሁለት ዓመት ይመረጣል፣ ደመወዝ የለውም። ሥልጣንም ብዙ የለውም፣ ስሙ እንደሚለው አማካሪ ነው። ጥርሱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የከተማው መሥሪያ ቤቶች በሠፈሩ ላይ የሚነካ ነገር ከመወሰናቸው በፊት ለኮሚሽኑ በጽሑፍ ማሳወቅ አለባቸው፣ ቅዳሜና እሁድ ሳይቆጠር 30 ቀን ቀድመው። ኮሚሽኑ በጽሑፍ ያለውን ደግሞ ባይቀበሉት እንኳ ለምን እንዳልተቀበሉት በዝርዝር መጻፍ ግዴታቸው ነው። ሁሉ ነገር "ከመወሰናቸው በፊት" የሚለው ላይ ነው። ሰፈርተኛ የተጠራበት ስብሰባ ከውሳኔው በኋላ ነው የተጠራው፣ ስለዚህ የቱንም ያህል ጥሩ ጥያቄ ቢጠይቅ የሚቀየር ነገር አልነበረም።

እኛ ሀበሾች ኤኤንሲን የምናውቀው እውነቱን ለመናገር በመጠጥ ፈቃድ ነው። ምግብ ቤት የከፈተ ሰው ፈቃድ ሲጠይቅ ሠፈሩ ስለ ሙዚቃው፣ ስለ ፓርኪንጉ ተቃውሞ ያነሳል፣ ያኔ ሁላችንም እንሮጣለን። ጉዳዩ ሲያልቅ ደግሞ ዳግም ላንመለስ እንጠፋለን። ከተማው በ2004 (በፈረንጅ) ባወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፣ አስተርጓሚ ሲጠየቅ ይመጣል። አስተርጓሚ ተቀጥሮ አበሻ ያልመጣበት ስብሰባ ላይ ተቀምጫለሁ። ያሳፍራል።

መምህሩ
"ምን አገባን" የሚለው ላይ ልግባ።

ያ "ምን አገባን" ያለህ ጎረቤትህ የእድር አባል ነው አይደል? እዚያ ሲሄድ ምን እንደሚያደርግ አስብ። ሒሳብ ሹሙ ሪፖርት ሲያነብ ድንኳን ተከራይቶ የገባው መቶ ብር የት ሄደ ብሎ ቀኑን ሙሉ ያከራክራል። ገንዘብ ያዡ ሲለወጥ ቆጥሮ ነው የሚያስረክብ። ማንም ሥልጠና አልሰጠንም፣ ማንም አበል አልከፈለንም። ስለዚህ "ሕዝባችን የመጠየቅ ባህል የለውም" ሲባል እኔ አልቀበልም። ባህሉ አለ፣ ወረዳው በር ላይ ሲደርስ ነው የሚቆመው። የእድሩ ብር የእኔ ነው ይላል፣ የወረዳው ብር የመንግሥት ነው ይላል። ስልኩን ካርድ ሲሞላ የሚከፍለው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የማን ነው ታዲያ?

በትምህርት ቤት በኩል የማውቀውን ልጨምር። ኡጋንዳ ውስጥ ከ1991 እስከ 1995 (በእነሱ አቆጣጠር) መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚልከው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ተጠንቶ ነበር፤ በአማካይ ትምህርት ቤቱ ጋ የሚደርሰው 13 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ቀሪው መንገድ ላይ ይቀራል፣ በብዛት ወረዳዎቹ ጋ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ለየወረዳው የሚልከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ፣ ትምህርት ቤቶቹም የደረሳቸውን በር ላይ እንዲለጥፉ ታዘዙ። በ2001 የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። ሁሉም በጋዜጣው ነው የመጣው የሚሉትን አላምንም፣ በዚያው ጊዜ ሌላም ብዙ ነገር ተቀይሯል። ግን ርዕሰ መምህሩ ስንት እንደተላከለት ሳያውቅ ስንት እንደጎደለበት ሊያውቅ እንደማይችል ግልጽ ነው።

እኛም ጋ የትምህርት ቤት ድጎማ ሲመጣ ሰሌዳ ላይ የሚለጥፍ ርዕሰ መምህር አለ፣ የማይለጥፍም አለ። ልዩነቱን የሚያመጣው የወላጅ ተማሪ መምህር ህብረቱ ነው። ሰብሳቢው ደፋር ወላጅ ከሆነ ይለጠፋል። ሰብሳቢው ለፊርማ ብቻ የሚጠራ ከሆነ አይለጠፍም። ሌላ ሚስጥር የለውም።

ጨው በርበሬ
መምህር፣ እድሩን ብዙ አታሞግሱት እንጂ! የእኛ እድር ዳኛ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ እሳቸው ናቸው። ውረዱ ያለ የለም። ጠያቂው ሁሉ ድንኳን ላይ ነው የሚበረታው፣ ወንበሩ ላይ ሲደርስ "አባባ ይቆዩልን" ነው።

ለዲሲው ወንድማችን ደግሞ፦ እዚያ መሥሪያ ቤቱ ለምን እንዳልተቀበለ ካልጻፈ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሊመልስበት ይችላል። እዚህ ዳኛው ራሱ የቀጠሮ ወረፋ ላይ ነው። ዘዴውን ቀድተን ጥርሱን ከየት እናመጣለን?

አመቻቿ
በርበሬ ልክ ነህ፣ ለዚያ ነው እኔ ፍርድ ቤቱን ከመጨረሻው የማስቀምጠው። የእኛ ሰው የሚፈራው ሌላ ነገር አለ፣ ቃለ ጉባዔ። ሰፈርተኛ፣ በሚቀጥለው መድረክ ዕድል ባታገኝ እንኳ ጥያቄህን በወረቀት ጽፈህ ለመድረክ መሪው ስጥ፣ "ቃለ ጉባዔ ላይ ይያዝልኝ" በል፣ ሰው እየሰማ። ተመራጭህን ለማወቅ ደግሞ የወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባዔ ጽህፈት ቤት ሂድ፣ ስሙንም ስልኩንም እዚያ ታገኛለህ። ተመራጮች ብዙዎቹ ራሳቸው መረጃ የላቸውም። በጀት የሚያጸድቁት ሰነዱን ያኔውኑ ጠዋት አይተው ነው። ጥያቄ ይዞላቸው የሚመጣ ሰው ሲያገኙ አንዳንዶቹ ይደሰታሉ፣ እውነቴን ነው።

የድሮ ሒሳብ ሠራተኛ
ለሃያው ፊርማ ደረሰኝ ካላቸው ሰዎች ጀምር። ደረሰኝ የያዘ ሰው "ምን አገባኝ" ለማለት ይከብደዋል። የደረሰኞቹን ኮፒ ሰብስብና ራስህ ደምር፣ እነሱ ከሚሰጡህ ድምር ጋር ታስተያየዋለህ። ስማቸው ደብተር ላይ ብቻ የተጻፈውን ለይተህ ያዝ፣ ትልቁ ጥያቄ ያለው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ደብዳቤውን እንዲህ አድርገው፣ ከዚህ አታስረዝመው፦

"ለወረዳው ኮሙኒኬሽን ጽህፈት ቤት። ጉዳዩ፦ መረጃ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ። እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የሰፈረው ነዋሪዎች በሰፈራችን ለሚነጠፈው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ከነዋሪው የተሰበሰበው ጠቅላላ መዋጮ ስንት እንደሆነና በየትኛው ሒሳብ እንደገባ፣ ወረዳው ከካፒታል በጀቱ የመደበው ስንት እንደሆነ፣ እንዲሁም የሥራ ውሉ ቅጂና እስካሁን የተፈጸመው ክፍያ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በጽሑፍ እንዲሰጠን በአክብሮት እንጠይቃለን።"

ማን በላው፣ የት ደረሰ፣ እስከ መቼ የሚል አንድም ቃል አትጨምርበት። ክስ ካስመሰልከው መልሱ ወደ ሕግ ክፍል ይሄድና እዚያ ይተኛል። ግልባጭ ለወረዳው ፋይናንስ ጽህፈት ቤት እና ለአፈ ጉባዔው አድርግ። ግልባጭ የደረሰው ቢሮ አልሰማሁም ማለት አይችልም። ለኮፒ ሊያስከፍሉህ ይችላሉ፣ ክፈልና ደረሰኝ ጠይቅ።

ሰነድ ሲሰጡህ የንግድ ምስጢር ነው ብለው ውሉን ሊያስቀሩብህ ይሞክሩ ይሆናል። አዋጁ ላይ የሦስተኛ ወገን የንግድ መረጃን የሚመለከት ገደብ አለ፣ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ያኔ ውሉን ትተህ የአሸናፊውን ስም፣ የውሉን ጠቅላላ ዋጋና የማጠናቀቂያውን ቀን ብቻ ጠይቅ። እሷን ለመከልከል ምክንያት ያጣሉ።

የምታስገባበትን ቀን ምረጥ። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ስብሰባ ላይ ነው፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሒሳብ መዝጊያ ስለሆነ ፋይናንስ ውስጥ ቀና ብሎ የሚያይህ ሰው የለም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ሂድ፣ መዝገብ ቤት ያለችውን ልጅ ሰላም በል፣ የራስህ ኮፒ ላይ ገቢ ቁጥሩን አስጽፈህ ማህተም ካላስመታህ እንዳትወጣ።